ስለ ሞተር መጋልና ምክንያቱን ስለ መመርመር



አውቶሞቢል የቤተ ሰብ መገልገያ ከሆነ ወዲህ ስለ ቀለሙ ማማርና ስለ ወንበሩ ምቾት የሚነጋገር ሰው ብዙ ነው። በሞተሩ ውስጥ ስለሚዘዋወረው ጥቂት ሊትር ውሃ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ዳሩ ግን ብዙ ሞተር ዕድሜውን ሳይጨርስ የሚሞተው በዚህ ውሃ ጕድለት ነው። ጕዳቱም በብረት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከራዲያተር ፈንቅሎ የሚወጣ የፈላ ውሃ የሰውን ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በውሃው ላይ የሚጨመረው ባለ ቀለም ፈሳሽም ለሕፃን መርዝ ነው። እንግዲህ ነገሩን ለጋራዥ ሰዎች ብቻ ትተን ማለፍ አይገባንምና፥ ሞተር በጋለ ጊዜ ምክንያቱ በምን ሥርዓት እንደሚመረመር በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንገልጽ ወደድን።

ስለ እንጭኒ መንገድ

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆነን የእንጭኒን መንገድ መርጠናል። እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ሆለታ የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ የሙገርን መንገድ ሲይዝ ያገኛታል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። ከእንጭኒ ወዲያ በሙገር በ1970ዎቹ ዓመታት የሲሚንቶ ፋብሪካ ተቋቁሟል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ወረዳ ሌላ ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ስለዚህ ከባድ የጭነት መኪናዎች በመንገዱ ይመላለሳሉ። ከእነርሱ በስተ ኋላ የተሰለፈ የቤት አውቶሞቢል ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ መውጣት ግድ ይሆንበታል። በዚህን ጊዜ የሞተሩ ድካም ይበዛል፤ ከፊት የሚገባለት ነፋስ ግን ያንሳል።

ብዙ ሰው፥ «አገሩ ደጋ ነው፤ ነፋሱም ብርድ ነው፤ ታዲያ ሞተር በዚህ አገር ስለ ምን ይግላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከጋራዥ በፊት ወደ ማጀት መግባት ያስፈልጋል።

ውሃ በደጋ ፈጥኖ ስለ መፍላቱ

ባቄላ ወይም ሽምብራ በደጋ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅ የቤት እመቤቶች ያውቃሉ። ምክንያቱ የእንጨቱ ማነስ አይደለም። ሰው ወደ ከፍታ በወጣ መጠን ከላይ የሚጫነው አየር እየቀለለ ይሄዳል፤ ውሃም የሚጫነው ሲቀልለት በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ፥ ለምሳሌ በጅቡቲ፥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በአምቦ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ፥ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በእንጭኒ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላም በኋላ እሳት ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የድስቱ ውሃ ከዚያ በላይ አይግልም፤ ስለዚህም ባቄላው ይዘገያል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። ነዳጅ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል የእሳቱ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ይበልጣል። የሞተሩ ራስ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ማዕድን ነው። ከነዳጁ ኀይል ለመንኰራኵሩ የሚተርፈው በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ሲሆን፥ አንዱ ሦስተኛ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ውሃው ነው። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ራዲያተሩ ውሃውን በቀጫጭን ቧንቧዎች አሰራጭቶ ለነፋስ ይሰጠዋል፤ በጋራዥ ቤት ቬንትሌተር የሚሉት ማራገቢያም ነፋሱን ይስባል። ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ እንደ በረኛ ሆኖ፥ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ይዞ ያቆያል፤ ሲሞቅም በሩን ከፍቶ ወደ ራዲያተር ይለቀዋል።

የዛሬ ሞተር በጤናው ጊዜ የሚሠራው በ90 ዲግሪ ግድም ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ከላይ እንዳልነው በእንጭኒ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ነው። እንግዲህ የራዲያተሩ ውሃ ክፍት ቢሆን ኖሮ፥ አንዳች ሕመም የሌለበት ሞተር እንኳ በእንጭኒ ያፈላው ነበር ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ከላይ የሚታይ ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ሞላና ጎማ አለው፤ እንፋሎቱን አምቆ በውሃው ላይ ግፊት ይጨምራል። በላዩ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቍጥር ተጽፎበት ይገኛል፤ ይህም ክዳኑ የሚችለው የግፊት ልክ ነው። ባለ 0.9 ክዳን ደኅና ሆኖ ከተገጠመ፥ በእንጭኒ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ደርቆ ወይም ሞላው ላልቶ ግፊቱን ካልያዘ ግን ያ ሁሉ ጥበቃ ይጠፋል። ክዳኑ ጠፍቶበት አፉን በጨርቅ ወይም በላስቲክ የሚወትፍ ሰው ባሕር ዳር ላይ ጥቂት ሊያዘግም ይችል ይሆናል፤ በእንጭኒ ዳገት ላይ ግን ውሃውን እያፈላ ያፈሰዋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በአንድ ጊዜ ዙር የሚስበው አየር፥ ቢቀዘቅዝም፥ ሙቀት የመሸከም ኀይሉ ያነሰ ነው። የደጋው ብርድ የሚጠቅመንን ያህል የአየሩ መሳሳት ይቀንስብናል ማለት ነው።

ስለ አሮጌው ልማድ

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በዚያ ዓመት አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሷል። የዚያ ዘመን መኪናዎች ራዲያተር ግፊትን የሚያምቅ ክዳን አልነበረውም። ከ1901 እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ በብዛት ይሠራ የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲ አውቶሞቢል እንኳ አብዛኛው የውሃ ፓምፕ አልነበረውም፤ የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ፥ የቀዘቀዘው ወደ ታች እየወረደ ይዘዋወር ነበር። በእንዲህ ያለ መኪና ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው በየመንገዱ ውሃ መጨመሩ የተፈጥሮ ግዴታ እንጂ የብልሽት ምልክት አልነበረም።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። የአሁኑ ሞተር ውሃው በዝግ ቤት የሚዘዋወር ስለሆነ፥ በደኅና ጊዜ ለወራት ውሃ ሊጨመርለት አይገባም። ስለዚህ በየሳምንቱ ውሃ የሚጠጣ መኪና የታመመ መኪና ነው። ጄሪካን ሙሉ ውሃ በኋላ ጭኖ እየጨመሩ መሄድ ጥንቃቄ መስሎ ይታያል፤ ሥራው ግን ሕመምተኛውን ሳይመረምሩ ቍስሉን በጨርቅ እንደ መሸፈን ያለ ነው። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፥ በእጃችን ያሉትን ጠብቀን ማኖር ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አውቶሞቢሎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ባትሪያቸውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዙ ናቸውና፥ ከዚህ ትምህርት ፈጽሞ ነጻ አይደሉም።

በመንገድ ላይ በጋለ ጊዜ

አንድ የቤተ ሰብ አባት ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ለሠርግ ወደ እንጭኒ ሲጓዙ፥ ከሆለታ በላይ የሙቀቱ ቀስት ከልኩ አልፎ ወደ ቀዩ ምልክት ተጠጋ እንበል። ነጂው «ጌታዬ፥ ሞተሩ ጋለ፤ ልቁም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጌታውም «ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ» ቢሉት፥ ነጂው ጌታውን ፈርቶ ይነዳል። አሥር ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ የሚባለው የሞተር ራስ ይጣመማል፤ በእርሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ከዚያም አልፎ ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ ነክሶ ይቀራል። ሠርጉም ያልፋል፤ መኪናውም ተጎትቶ ይመለሳል። ጌታው «ቁም፤ ብንዘገይ ይሻላል» ቢሉት ኖሮ ግን ጕዳቱ በአንድ ክዳን ወይም በአንድ ቱቦ ዋጋ ባለቀ ነበር። ቍጣ ሞተርን አያቀዘቅዝም። ነጂ ያለ ፍርሃት «ልቁም» ለማለት የሚችልበት ቤት፥ ሞተሩ ዕድሜ የሚያገኝበት ቤት ነው።

በቆሙም ጊዜ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የአየር ማቀዝቀዣው ይዘጋል፤ የውስጥ ማሞቂያው በሙሉ ይከፈታል፤ ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ጥቂት ይቀንሳልና። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ልጆች ከመኪናው በስተ ቀኝ፥ ከመንገዱ ርቀው ይቀመጣሉ። እንፋሎቱ ጋብ ካለ በኋላ የሞተሩ መሸፈኛ ተከፍቶ፥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ይህ ይታሰብ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይነካም። ከላይ እንዳስረዳነው በክዳኑ ሥር ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎ በግፊት ብቻ ታምቆ የተቀመጠ ነው። ክዳኑ በተፈታበት ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋና ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ እንደ ምንጭ ፈንድቶም ከፊቱ ያገኘውን ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው «ቶሎ በል» እየተባለ የታዘዘ ወጣት ረዳት ነው። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ለስልሶ እጅ የሚችለው እስኪሆን ድረስ ማንም ክዳኑን እንዲፈታ አይታዘዝ። ሲፈታም በወፍራም ጨርቅ ተይዞ፥ ፊትን ዘወር አድርጎ፥ በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ዞሮ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ አይፈስስም፤ በእሳት የጋለ የሸክላ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ፥ የሞተሩም ብረት ይሰነጠቃል።

መቼ ጋለ? ተብሎ ስለ መጠየቅ

ዐዋቂ ሐኪም መድኀኒት ከመስጠቱ በፊት «ሕመሙ የሚነሣብህ መቼ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ ለሞተርም የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ጋራዥ ደርሶ «መኪናዬ ይግላል» ብቻ የሚል ሰው ለመካኒኩ ምንም አልነገረውም። የጋለበትን ሰዓትና ስፍራ የሚናገር ሰው ግን የምርመራውን እኩሌታ ፈጽሞለታል።

መኪናው በከተማ ቆሞ ወይም እየተንፏቀቀ ሲሄድ የሚግል፥ መንገድ ሲያገኝና ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፥ የጎደለው ነፋስ ነው። ማራገቢያው አይዞር ይሆናል፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፤ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነም ሽቦው ወይም ፊውዙ ይታያል።

በዝግታ ሲሄድ ደኅና ሆኖ፥ ዳገት ሲወጣ ወይም በብዙ ፍጥነት ሲሮጥ የሚግል ከሆነ፥ የጎደለው የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ በውስጡ ተደፍኖ፥ ወይም ፓምፑ ደክሞ፥ ወይም ውሃው ጎድሎ ይሆናል። የታችኛው ቱቦ አርጅቶ ፓምፑ ሲስብ እየተጣበቀ መንገዱን ሲዘጋም እንዲህ ያለው ምልክት ይታያል።

በማለዳ ከተነሣ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚግል ከሆነ፥ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፤ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ የእሳቱ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

አካሄዱ ሳይለወጥ በደጋው ላይ ብቻ የሚፈላና የሚተፋ፥ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ሰላም የሚሆን ከሆነ፥ ክዳኑ ከሁሉ በፊት ይጠርጠር። እንጭኒን የመሰለ አገር የክዳንን ድካም ገልጦ ያሳያልና።

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። የሙቀቱ ቀስት ሙቀትን የሚለካው በውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃው ፈጽሞ ካለቀ፥ ሞተሩ እየጋለ ሳለ ቀስቱ ወደ ብርዱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቀይ ወጥቶ የነበረ ቀስት ያለ ምክንያት በድንገት ቢወድቅ፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ በረደ» ብሎ መቀጠል ሳይሆን ወዲያው መቆም ይገባል።

በማለዳ የሚደረግ ምርመራ

እውነተኛው ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ በበረደበት በማለዳ ነው። በመጀመሪያ የውሃው ልክ ይታያል፤ በመጠባበቂያው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ክዳኑ ተፈትቶ በራዲያተሩም አፍ ይታያል። ውሃው እንደ ዝገት ቀልቶ ከተገኘ፥ ውስጡ እየተበላ ነው፤ ዘይት ከተንሳፈፈበት ነገሩ ከባድ ነው።

በሁለተኛው ክዳኑ ይገለበጥና ጎማው ይታያል፤ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ቆዳ የደረቀ ከሆነ ይለወጣል። አዲሱም ክዳን በመኪናው መጽሐፍ የታዘዘው ቍጥር ያለው ይሁን፤ ብርቱ ይሻላል ብሎ ከልኩ በላይ የሆነውን መግጠም አሮጌ ቱቦዎችንና ራዲያተሩን ያፈነዳል።

በሦስተኛው ውሃው የሚፈስስበት ስፍራ ይፈለጋል። የፈሰሰ ውሃ በደረቀበት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይተዋል። በቱቦዎቹ ጫፍ፥ በራዲያተሩ ጥግ፥ በፓምፑም ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይታይ፤ ከዚያች ቀዳዳ ውሃ ከተንጠባጠበ ፓምፑ ሊለወጥ ጊዜው ደርሷል። በተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ርሶ፥ የሚጣፍጥ ሽታ በመኪናው ውስጥ ከተሰማ፥ የሚያፈስሰው የውስጥ ማሞቂያው ነው።

በአራተኛው የራዲያተሩ ፊት ይታያል። በእንጭኒ መንገድ የክረምት ጭቃ፥ የመኸር ጊዜ ገለባና የጭነት መኪናዎች አቧራ ተደራርቦ የነፋሱን መግቢያ ይደፍናል። ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በለስላሳ ይፍሰስ፤ በብርቱ ግፊት የሚረጭ ውሃ ስስ የሆኑትን ቅጠሎች ያጣምማል። በዚህ ሥራ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ በራሱ ሊነሣ ስለሚችል፥ እጅና የነጠላ ጫፍ ከእርሱ ይራቅ፤ ይልቁንም የባትሪው ሽቦ ይፈታ።

በአምስተኛው የሞተሩ ዘይት ይታያል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከተገኘ፥ ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩ ፈጽሞ አይነሣ። በዘይቱ መክደኛ ሥር ብቻ ጥቂት ነጭ አረፋ ቢታይ ግን፥ በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ ከሚሄድ መኪና እንፋሎት ሊመጣ ይችላልና ወዲያው ቴስታታ ይፈታ ማለት አይገባም። የሚያረጋግጠው ሌላ ምልክት ነው። ይኸውም ሞተሩ በብርዱ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ መውጣቱ፥ ውሃው ሳይሞቅ ቱቦዎቹ እንደ ድንጋይ መጠንከራቸው፥ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ መውጣቱ ነው። እነዚህ ከተገኙ ነገሩ ከቤት ሰው ዕውቀት በላይ ስለሆነ ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ስለ ቴርሞስታት

ብዙ ጋራዥ ቤቶች መኪና ሲግል አስቀድመው ቴርሞስታቱን አውጥተው መጣል ልማድ አድርገዋል። ይህ ልማድ ሊቀር የሚገባው ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በደጋ አገር ማለዳ እስኪሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተርም ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጩ እየተመለሰ፥ ሙቀቱን ከማብረድ ይልቅ ያብሰዋል።

ቴርሞስታት ደኅና መሆኑ በማጀት ሊፈተን ይችላል። በአሮጌ ድስት ውሃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ ከሙቀት መለኪያ ጋር ይጣዳል፤ ውሃው ሲሞቅ በሩ ሲከፈት ይታያል። ነገር ግን በሌላ አገር የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ ተቀብሎ በእንጭኒ የሚፈትን ሰው እንዳይሳሳት እናሳስባለን። በቴርሞስታቱ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቍጥር ይገኛል፤ ይህ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው፤ ፈጽሞ የሚከፈተው ግን ከዚያ አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ነው። የእንጭኒ ድስት ውሃ በ91 ዲግሪ ፈልቶ ይቆማል። ስለዚህ ባለ 88 ቴርሞስታት በዚያ ድስት ጥቂት ብቻ ይከፈታል፤ ባለ 92 ደግሞ ፈጽሞ አይከፈትም። ሁለቱም ደኅና ሆነው ሳሉ «ተበላሽተዋል» ተብለው ሊጣሉ ይችላሉ። ጥቂት መከፈቱን ያሳየ ቴርሞስታት በደጋ ፈተናውን እንዳለፈ ይቈጠር፤ የሚያጠራጥረውም ግፊትን በሚያምቅ ድስት ወይም በመኪናው ላይ ይፈተን። በመኪናው ላይ ሲፈተን፥ ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ ይቆይና በሩ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይግላል።

ስለሚጨመረው ውሃ

በማንቆርቆሪያ ሥር ከጊዜ ብዛት እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ይህ ከውሃው ጋር የመጣ ማዕድን ነው፤ በራዲያተር ቀጫጭን ቧንቧዎችም ውስጥ እንዲሁ ይጋገራል። ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውሃ ለሆድ የተወደደ ነው፤ ማዕድንና ጋዝ የበዛበት ስለሆነ ግን ለራዲያተር አይስማማም። በአምቦ መንገድ ሌላ ውሃ ጠፍቶ ሰው ቢቸገር ካልሆነ በቀር አይጨመር፤ ከተጨመረም ቤት እንደ ደረሱ ይፍሰስ።

ለዘወትር የሚሻለው ማዕድን የሌለበት የተጣራ ውሃ፥ ለራዲያተር ከተዘጋጀው ባለ ቀለም ፈሳሽ ጋር በመኪናው መጽሐፍ እንደ ታዘዘው ተደባልቆ ነው። ይህ ፈሳሽ ውሃው በብርድ እንዳይረጋ ብቻ ሳይሆን፥ ብረቱ እንዳይዝግና ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ከፍ እንዲል ይረዳል። ለባትሪ የሚሸጥ ውሃ የሚገዛ ሰው ግን አሲድ ያለበትን በስሕተት እንዳይገዛ ይጠንቀቅ።

ስለ ልጆች ጥንቃቄ

ለቤት እመቤቶች በተለይ የምናሳስበው ይህ ነው። አብዛኛው የራዲያተር ፈሳሽ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገር አለበት። ቀለሙ እንደ ሽሮፕ ያማረ፥ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ጥቂቱ እንኳ ኩላሊትን የሚያጠፋና ሕፃንን ሊገድል የሚችል መርዝ ነው። ከመኪና ሥር የፈሰሰውን ውሻ ቢልሰው ይሞታል። የተረፈውን ፈሳሽ በአምቦ ውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ በጓዳ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የሚደረግ ነውና፥ ይህ ልማድ ዛሬውኑ ይቅር። በመጣበት ዕቃ፥ ክዳኑ ጠብቆ፥ በቍልፍ ይቀመጥ። ሕፃን ጠጥቶት ከተገኘ ወይም ጠጣ ተብሎ ከተጠረጠረ፥ ሕመም እስኪታይ ሳይጠበቅ፥ ወተት ወይም ሌላ የቤት መድኀኒት ሲሞከር ጊዜ ሳያልፍ፥ የፈሳሹ ዕቃ ተይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በመጀመሪያው ሰዓት ልጁ ደኅና መስሎ መታየቱ ማንንም አያታልል።

የፈላ ውሃ ያቃጠለው ሰው ቢኖርም፥ የተቃጠለው ስፍራ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቅቤም ሆነ ዘይት አይቀባ፤ ቀጥሎም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ መዝገብ

የመንግሥት ገንዘብ በመዝገብ ካልተያዘ ጕድለቱ እንደማይታወቅ ክቡራን አንባቢዎቻችን በየመሥሪያ ቤታቸው ያውቁታል። የራዲያተርም ውሃ እንዲሁ ነው። በመኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር ትቀመጥ። ውሃ በተጨመረ ጊዜ ሁሉ ነጂው ቀኑን፥ መኪናው እስከዚያ የሄደውን ኪሎሜትርና የተጨመረውን የውሃ ልክ ይጻፍባት፤ የጋለ እንደሆነም ዳገት ላይ ወይም ቆሞ ሳለ፥ ደጋ ላይ ወይም ቆላ እያለ ይጨምርበት። ሁለት ወር ሙሉ ባዶ የሆነ ገጽ የጤና ምስክር ነው። በአንድ ወር ግማሽ ሊትር፥ በሚቀጥለው አንድ ሊትር፥ በሦስተኛው ሁለት ሊትር የተጻፈባት ደብተር ግን፥ ቀስቱ ወደ ቀይ ከመውጣቱ ብዙ ሳምንት አስቀድማ ሕመሙን ትናገራለች። መካኒኩም ያችን ገጽ አንብቦ፥ በግምት አንዱን ዕቃ ከሌላው በኋላ እየፈታ የባለቤቱን ገንዘብ ከማባከን ይድናል። የደብተሯ ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አይበልጥም፤ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ በፊት የመጀመሪያው መስመር ሊጻፍባት ይችላል።